ጊዜው ያልደረሰ ሳንባ፦ የመድኃኒትና የሕዋስ ቅንጅት

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው አሶሳ፣ በ28ኛው የእርግዝና ሳምንት የተወለደ ሕፃን ለመተንፈስ ምን ያስፈልገዋል? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከሳንባ ሕዋሳት ተነሥተን እንመለከታለን።

የረጠበ ፌስታል ሁለት ገጹ እንደሚጣበቅ ሁሉ፣ የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶችም እርጥብ በመሆናቸው ወደ መጣበቅ ያደላሉ። ይህን የሚከላከለው ሰርፋክታንት የተባለ ቅባታማ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚያመነጩትም በከረጢቶቹ ግድግዳ ላይ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ናቸው። ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ሳንባ ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት ገና አልበሰሉም። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ 5 ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 ከመቶ ያህሉን ለሞት የዳረገው ይኸው የመተንፈስ ችግር መሆኑን አሳይቷል።

ሰርፋክታንትን በመድኃኒትነት ወደ ሳንባ መስጠት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሕይወት የሚያተርፉት ኦክስጅንና የመተንፈሻ መሣሪያ ለጋውን ሳንባ ሊያቆስሉት ይችላሉ። ከዚህ የሚመጣው ሥር የሰደደ ሕመም ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕሌዥያ ይባላል፤ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው።

የሕዋስ ሕክምና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከእትብት ደም የተገኙ ግንደ ሕዋሳትን ለ9 ሕፃናት በአየር ቧንቧ በኩል ሰጥተው ሕፃናቱ ሕክምናውን እንደተቋቋሙት አረጋገጡ። እነዚህ ሕዋሳት በአመዛኙ ወደ ሳንባ አካልነት አይለወጡም፤ ብግነትን የሚያበርዱና ጥገናን የሚያነቃቁ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ እንጂ። ስለዚህ ሰርፋክታንትን አይተኩም፤ መድኃኒቱ ከረጢቱን ይከፍታል፣ ሕዋሱ ቁስሉን ያክማል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመውና 66 ሕፃናትን ያቀፈው ቀጣይ ሙከራ በዋናው መለኪያ ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ሕክምናው ገና በምርምር ላይ ነው።

ለአሶሳ የሚቀርበው ቅንጅት ሌላ ነው፦ መድኃኒትና የሕፃኑ የራሱ ሕዋስ። ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ የዴክሳሜታዞን መርፌ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን ሕዋሳት በማብሰል ሰርፋክታንት እንዲያመነጩ ያደርጋል። መድኃኒቱ በሚገባ እንዲሠራ ግን ከመውለዷ በፊት ጊዜ ያስፈልጋል፤ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል መታወቅ፣ ለሕፃኑም ሙቀትና የመተንፈስ እገዛ መዘጋጀት አለበት። ዐባይ ለሁለት በሚከፍለው ክልል፣ መንገድ ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት የሚቀነሰው ሳንባው ለመብሰል ከቀረችው አጭር ጊዜ ላይ ነው።