ስለ መኪና የሚነገሩ አስቂኝ እምነቶች በፊዚክስ ሚዛን

መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ የሚለግሰው ምክር አያጣም። ከእነዚህ ምክሮች አንዳንዶቹ ፈገግ ያሰኛሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላሉ። በዚህ ጽሑፍ አራቱን መርጠን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው ፊዚክስ እንመዝናቸዋለን።

1. «ቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣት ነዳጅ ይቆጥባል»

ይህ አባባል በካርቡሬተር ለሚሠሩ አሮጌ ሞተሮች ጥቂት እውነት ነበረው። በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነዳጅ በሚረጩ ዘመናዊ ሞተሮች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሹ እንደገባ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ፔዳል ሲያነሳ መቆጣጠሪያው ነዳጁን ይዘጋዋል፤ ሞተሩንም የሚያዞሩት ጎማዎቹ ይሆናሉ። ማርሹ ከወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል።

የከፋው ጉዳት በፍሬን ላይ የሚደርሰው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚያመራው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። 20 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው እምቅ ኢነርጂ፦

20,000 × 9.8 × 1,000 = 196 ሚሊዮን ጁል

ይህ ሙቀት 585 ሊትር ያህል ውኃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 100 ለማድረስ ይበቃል። ከፊሉን አየሩና መንገዱ ይወስዱታል፤ የቀረውን ሞተሩ ካልተካፈለው ሁሉም በፍሬኑ ላይ ያርፋል። ከመጠን በላይ የጋለ የፍሬን ሸራ ሰበቃው ስለሚቀንስ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይታዘዝም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይህ ነው።

2. «ጎማ ላስቲክ ስለሆነ መብረቅ መኪና አይመታም»

ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም አየር ሰንጥቆ የመጣ መብረቅ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ይቆማል ማለት፣ ወንዝ ተሻግሮ የመጣን ሰው በሊስትሮ ሳጥን ለማገድ እንደ መሞከር ነው። ተሳፋሪውን የሚጠብቀው በዙሪያው ያለው የብረት አካል ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1836 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የኤሌክትሪክ ሙል በአስተላላፊ ሣጥን ውጫዊ ገጽ ላይ ይሰፍራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ በነጎድጓድ ጊዜ መስኮቶቹን ዘግቶ፣ ብረቱን ሳይነኩ መቀመጥ መልካም ነው፤ ምስጋናው ግን ለብረቱ እንጂ ለጎማው አይደለም።

3. «ፍጥነቴን እጥፍ ባደርግ መቆሚያዬም እጥፍ ይሆናል»

የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ያድጋል። በደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃ መጠኑን 0.7 ብንወስድ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 9 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። በ80 ኪሎ ሜትር ግን 36 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም አራት እጥፍ ነው። ሾፌሩ አይቶ እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢወስድበት፣ በመጀመሪያው ፍጥነት 11፣ በሁለተኛው 22 ሜትር ይጨመራል። በድምሩ 20 እና 58 ሜትር መሆኑ ነው። በ30 ሜትር ርቀት መንገድ የሚያቋርጥ ተማሪ ቢኖር፣ የመጀመሪያው ሾፌር ይደርስለታል፤ ሁለተኛው ግን አይደርስለትም።

4. «ልጄን አጥብቄ ስለያዝኩት ቀበቶ አያስፈልገውም»

ይህ ከፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ ለማረም እጅግ የሚከብደው ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 13.9 ሜትር ነው። በግጭት ጊዜ መኪናው በ0.1 ሴኮንድ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃንን ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል፦

10 × 13.9 ÷ 0.1 = 1,390 ኒውተን

ይህም 140 ኪሎ ግራም የሚያህል ሸክም በድንገት እጅ ላይ እንደ መውደቅ ነው። የትኛዋም እናት፣ የትኛውም አባት ይህን በክንዱ ሊይዝ አይችልም። ለልጅ የተዘጋጀ መቀመጫና ቀበቶ ግን ይችላል።

ለአንባቢያን የቀረበ ጥያቄ

መንገዱ በዝናብ ረጥቦ የሰበቃ መጠኑ ወደ 0.4 ቢወርድ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ ስንት ሜትር ተጉዞ ይቆማል? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ከላይ በደረቅ መንገድ ለ80 ኪሎ ሜትር ከተሰጠው ቁጥር ጋር አስተያዩት። በክረምት ፍጥነት መቀነስ ለምን እንደሚመከር ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል።