ቀሪውን ለመሰብሰብ ስንት ያወጣሉ?

ተቀጥረው ሲሠሩ ከደንበኛው ገንዘብ የሚቀበለው አሠሪዎ ነበር። የራስዎን ወርክሾፕ ሲከፍቱ ግን ገንዘብ የመሰብሰቡ ሥራ ከብየዳው፣ ከመስመር ዝርጋታው ወይም ከቧንቧው ጋር ተደርቦ የእርስዎ ይሆናል፤ ወጪም አለው። አዲስ ባለሙያ ዋጋ ሲያወጣ የብረቱን፣ የኤሌክትሮዱንና የረዳቱን ሒሳብ ይይዛል፤ የመሰብሰቢያውን ግን ይረሳል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች ዋጋ ከመናገርዎ በፊት ይመልከቷቸው።

1. ወጪውን በቁጥር ይዩት

አንድ የግቢ በር በ60,000 ብር ተዋዋሉ እንበል። ለብረት፣ ለቀለምና ለማጓጓዣ 41,000፣ ለረዳት 5,000 ብር ወጣ። ለእርስዎ የሚተርፈው 14,000 ነው። በሩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ደንበኛው 8,000 ብር «ሰሞኑን እሰጥሃለሁ» ብሎ አስቀረ፤ እርስዎም አራት ጊዜ ተመላለሱ። አንዱ ምልልስ ግማሽ ቀን ቢፈጅና የቀን ገቢዎ 1,200 ብር ቢሆን፣ የባከነው ጊዜ ብቻ 2,400 ብር ነው። ለትራንስፖርት በየጊዜው 150 ብር ሲደመር ጠቅላላው 3,000 ይደርሳል። ከትርፍዎ ከአምስት አንዱ በላይ በመንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የባንክ ማስተላለፊያ ክፍያ ከዚህ አንጻር ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

2. ክፍያውን ከሥራው ደረጃ ጋር ያስሩ

የመጀመሪያው ክፍያ ልክ የዕቃው ዋጋ ነው፤ የደንበኛን ዕቃ በራስዎ ገንዘብ አይግዙ። ለዚያው በር፦

– ብረት ከመገዛቱ በፊት 41,000 ብር
– ብየዳው አልቆ፣ ቀለም ሳይቀባ ደንበኛው መጥቶ ሲያይ 13,000 ብር
– በሩ ተገጥሞ ቁልፉ ሲሰጥ 6,000 ብር

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ከጠቅላላው 10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለተኛው ክፍያ ሌላም ጥቅም አለው፤ ደንበኛው ቅሬታ ካለው ማስተካከል ቀላል በሆነበት ሰዓት ይናገራል።

3. «ቀብድ» የሚለውን ቃል አይተው ይጻፉ

ቃሉን ሁላችንም እንደ ቅድመ ክፍያ እንጠቀምበታለን፤ በሕግ ግን የራሱ ትርጉም አለው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ በውሉ ላይ «ለዕቃ መግዣ የተሰጠ ቅድመ ክፍያ» ብለው በግልጽ ይጻፉ። ቀብድ ብለው ከተቀበሉ ግን ሥራውን መተው ምን እንደሚያስከፍልዎ ያውቁታል።

4. ከፋዩን ይለዩ

ሥራውን የሚያዝዘውና ገንዘቡን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። የቤቱ ባለቤት ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ግንባታውን የሚከታተለው ወንድሙ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያውኑ «ክፍያውን የሚፈጽመው ማነው? ሥራውን አይቶ የሚረከበውስ?» ብለው ይጠይቁ፤ የሁለቱንም ስምና ስልክ በውሉ ላይ ያስፍሩ። ፎርማኑ በቃል ያዘዘውን ተጨማሪ ሥራ ከፋዩ በመልእክት እስኪያረጋግጥ አይጀምሩ።

5. የሚቀበሉበትን መንገድ ይወስኑ

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ላይ ሲሆን፣ የባንኮቹ ሞባይል ባንኪንግም ገንዘብ መቀበልን አቅልሎታል። ወጪውን ለመቀነስ፦

– ለሥራው ብቻ የሚሆን የተለየ ሒሳብ ይክፈቱ። ደንበኛዎ በሚጠቀምበት ባንክ ቢሆን ማስተላለፉ ይቀልለዋል።
– በወኪል ጥሬ ገንዘብ ሲያወጡ ክፍያ አለ። ብረት ሻጩ በስልክ የሚቀበል ከሆነ ሳያወጡ በቀጥታ ይክፈሉ።
– በባንክ አገልግሎት ክፍያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ገንዘቡን ቆራርጦ ደጋግሞ ከማስተላለፍ ባንድ ጊዜ መላክ ይሻላል።
– ስክሪንሹትም ሆነ «ገንዘብ ገብቷል» የሚል አጭር መልእክት ማረጋገጫ አይደለም፤ ሁለቱም በሐሰት ይሠራሉ። በመተግበሪያው ወይም፣ ለቴሌብር፣ በ*127# ቀሪ ሒሳብዎን አይተው ቁልፉን ያስረክቡ።
– ቼክ ከተቀበሉ ባንክ ወስደው እስኪመነዘር ድረስ ሥራውን አያስረክቡ። ደረቅ ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል፤ ፍርድ ቤት መመላለሱ ግን ሌላ የመሰብሰቢያ ወጪ ነው።

6. ድርጅት የሚቆርጠውን ይወቁ

ድርጅቶች በሕግ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲከፍሉ ቅድሚያ ግብር፣ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የሚባለውን፣ ቆርጠው ያስቀራሉ። ይህ የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍሉት ግብር ላይ ይቀነስልዎታል። ይህ እንዲሆን ግን የቆረጠው ድርጅት ደረሰኝ ሊሰጥዎ ይገባል። ደረሰኙን በዕለቱ ይቀበሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ፍለጋ መሄድ ያው ምልልስ ነው። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቀረቡ የሚቆረጠው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

7. ከመግጠምዎ በፊት ያስታውሱ

ቀሪን መጠየቅ የሚከብደው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ሲቀረው እንዲህ ብለው ይላኩ፦ «ጋሼ፣ በሩ ሐሙስ 9 ሰዓት ይገጠማል። ቀሪው 6,000 ብር ነው። በቴሌብር ይሻልዎታል ወይስ በባንክ?» መልእክቱ ውስጥ ልመናም ቁጣም የለም። ደንበኛው የሚመልሰው በምን እንደሚከፍል ነው።

8. ደብተር ይያዙ፣ ከዚያ ዋጋ ያስተካክሉ

ለእያንዳንዱ ሥራ የተዋዋሉበትን ዋጋ፣ የመጨረሻው ብር የገባበትን ቀን፣ ለመሰብሰብ የሄዱበትን ሰዓትና ያወጡትን ገንዘብ ይመዝግቡ። አሥር ሥራ ሲሞላ ይደምሩ። በ300,000 ብር ሥራ ላይ 6,000 ብር ለመሰብሰቢያ ከወጣ 2 በመቶ ነው። በሚቀጥለው የ60,000 ብር በር ላይ 1,200 ብር ይጨምሩ። «የመሰብሰቢያ» ብለው ለብቻው አይጻፉት፤ እንደ ኤሌክትሮዱ በዋጋው ውስጥ ይግባ። ደብተሩ በየጊዜው የሚያመላልስዎትን ደንበኛም ለይቶ ያሳይዎታል። ለእሱ ሁለት ምርጫ አለ፦ ሙሉውን አስቀድሞ ይክፈል፣ ካልሆነ ሥራው ይቅር።

በሩ ተገጥሞ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ደንበኛው ቢመርቅዎትም ቀሪው ሒሳብዎ ውስጥ ካልገባ ሥራው አላለቀም።