ማወቅና መርዳት፤ የአንድ ሽማግሌና የአንዲት ወጣት ምልልስ

በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ብዙ ዘመን በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ የኖሩ አንድ ሽማግሌና፣ ቀን በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ በአንድ የስደተኞች መርጃ ጽሕፈት ቤት በነጻ የምታስተረጉም አንዲት ወጣት፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥግ ተቀምጠው የተነጋገሩት የሚከተለውን ነው።

ጠያቂ፦ አባባ፣ የመጣሁት ምክርዎን ፈልጌ ነው። በመጪው መስከረም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ሶሲዮሎጂንና ሂውማን ሰርቪስ የሚሉትን ሰውን የማገልገል ትምህርት ልማር አስቤአለሁ። ዘመዶቼ ግን «ነርስነት እያለልሽ! ሰውን መርዳት ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል?» እያሉ ልቤን ከፈሉት።

ሽማግሌ፦ ሰውን መርዳት ትምህርት አያሻውም ማለት፣ ጸሎት የሚወድ ሁሉ ድጓውንም ቅዳሴውንም ሳይማር መቅደስ ገብቶ ይቀድስ እንደ ማለት ነው። ርኅራኄ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ይጠናል። ያ የያዝሽው ደብተር ምንድር ነው?

ጠያቂ፦ ስላስተረጎምኩለት ሰው ሁሉ ጥቂት ማስታወሻ እጽፍበታለሁ።

ሽማግሌ፦ የሰው ስም አለበትን?

ጠያቂ፦ የለበትም።

ሽማግሌ፦ መልካም፤ ቢኖርበት ኖሮ ባልሰማሁት። የመጨረሻውን አንብቢልኝ።

ጠያቂ፦ «እናቲቱ ለራሷ ጉዳይ ግድ የላትም። ዘግይታ መጣች፤ የተጠየቀችውንም ወረቀት አላመጣችም።»

ሽማግሌ፦ ከዚህ ውስጥ ያየሽው የትኛው፣ የፈረድሽው የትኛው ነው?

ጠያቂ፦ መዘግየቷንና ወረቀቱን አለማምጣቷን አይቻለሁ። ግድ የላትም ያልኩት... ፍርድ ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌ፦ ነው እንጂ። በሂውማን ሰርቪስ ክፍል አስቀድመው ከሚያስተምሩሽ ነገር አንዱ ይኸው፣ በዓይንሽ ያየሽውንና በጆሮሽ የሰማሽውን ከራስሽ ብያኔ ለይቶ መጻፍ ነው፤ ምክንያቱም ያቺ ገጽ በመዝገብ ከገባች በኋላ፣ ሴትዮዋን አይቶ የማያውቅ ሌላ ሠራተኛ ከዓመት በኋላ አንሥቶ ያነብባትና፣ አንቺ በአንድ የድካም ቀን የጣልሽውን ቃል እንደ ተረጋገጠ ጠባይዋ አድርጎ ይቀበለዋል።

ጠያቂ፦ ሶሲዮሎጂውስ ለዚች ሴት ምን ይጨምርላታል?

ሽማግሌ፦ እኔ የተማርኩበት የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ በተከፈተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ራይት ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ስለ ሶሲዮሎጂያዊ ምናብ የጻፈውን መጽሐፍ አወጣ። አሳቡ ይህ ነው፦ በአንድ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢፈታ ጠባዩንና ችሎታውን መመርመር ይገባል፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ሥራ ሲያጣ ግን ምክንያቱን በእያንዳንዱ ጠባይ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ነውና ሥርዓቱን መመርመር ያሻል። ከእርሱ አስቀድሞ ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከነገር ሁሉ የግል የሚመስለውን ነገር፣ ሰው ራሱን ማጥፋቱን፣ በየአገሩ መዝገብ መርምሮ፣ ሰው ከቤተሰቡና ከማኅበረ ምእመናኑ ጋር ያለው ትስስር ሲላላ ይህ መከራ እንደሚበዛ አሳየ። ባልተማረ አንደበት «መለየት ክፉ ነው» የምንለውን በቍጥር ያጸናው ሰው ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ ስትዘገይ፣ ሶሲዮሎጂ የተማረ ሰው ቤቷ የት ነው፣ አውቶቡስ በስንት ደቂቃ ይመጣል፣ የደመወዝ ሥራዋ በስንት ሰዓት ይለቅቃታል፣ ከእርሷ ሌላ ስንት ሰው በዚያው ሰዓት ዘገየ ብሎ ይጠይቃል።

ጠያቂ፦ ይህ ግን የሊቃውንት ሥራ ይመስለኛል። እኔ ቀለብ የሚሰፈርበትን ወረቀት የምሞላ ሰው ነኝ።

ሽማግሌ፦ ሁለቱን የለየው ማን ነው? ጄን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1889 በቺካጎ በስደተኞች ሰፈር ሀል ሀውስ የተባለውን ቤት ከጓደኛዋ ጋር ስትከፍት ያሰበችው ጎረቤት ለመሆን ነበር። ከዚያ ግን ሕፃናቱ ለምን ይሞታሉ ብላ ስትጠይቅ፣ በየመንገዱ የተከመረውን፣ ማንም የማያነሣውን ጥራጊ አየች። እ.ኤ.አ. በ1895 የዚያ ክፍለ ከተማ የቆሻሻ ተቈጣጣሪ ሆና ተሾመች፤ በማለዳ እየተነሣችም የጋሪዎቹን ዱካ ተከትላ ጥራጊው መነሣቱን ታረጋግጥ ነበር። በዚያው ዓመት ባልደረቦችዋ የየቤቱን ገቢና የየቤተሰቡን አገር በቀለም የለየ ካርታ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣት እርሷ ናት፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የማስባት ከጋሪው ኋላ ስትሄድ ነው። መርዳቱ ጥያቄ ወለደ፣ ጥያቄው ምርምርን፣ ምርምሩም መልሶ መርዳቱን አቀና።

ጠያቂ፦ የሁለት ዓመት ኮሌጅ መሆኑስ አያሳንሰኝም?

ሽማግሌ፦ በጆሊየት፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ የመጀመሪያው የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 ከተከፈተ ወዲህ፣ የእነዚህ ቤቶች ክብር በራቸው ለሁሉ ክፍት መሆኑ ነው። የዚህ የእኛ አውራጃ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲጀመር ትምህርቱ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ በማታ ይሰጥ ነበር። ደግሞም ስለ ድህነትና ስለ ቤት ኪራይ በሚማሩበት ክፍል፣ ከቤት ውጡ የሚል ማስጠንቀቂያ በራሱ በር ላይ ተለጥፎ ያየ ሰው አብሮ መቀመጡ ለትምህርቱ ትልቅ ሀብት ነው።

ይልቅስ ልትጠነቀቂበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ በተለመደው አቈጣጠር 60 ክሬዲት ነው፤ ሥራሽን ሳትለቅቂ በየሴሚስተሩ 6 ብቻ ብትወስጂ 10 ሴሚስተር ይፈጃልና፣ ይህን አስቀድመሽ ዐውቀሽ ግቢ። መንገዱም ሁለት ነው፦ አንዱ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመሸጋገር፣ ሁለተኛው በቶሎ ሥራ ለመግባት የተሰናዳ ነው፤ ሁለተኛውን ጨርሰሽ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ብትዪ ከክሬዲትሽ ከፊሉን ላይቀበሉሽ ይችላሉ። ስለዚህ ሳትመዘገቢ የኮሌጁን አማካሪ ያዢና፣ የትኛው ኮርስ ወደ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሻገር በጽሑፍ ይስጥሽ። ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት ገንዘብ ዕርዳታ ማመልከቻም ሙዪ፤ ፔል የተባለው የመንግሥት ድጎማ እንደ ብድር አይመለስም።

ጠያቂ፦ አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ወገናችን ዕድር አለው፣ ማኅበር አለው፤ የተማረ ረዳት ምን ያደርግለታል?

ሽማግሌ፦ ዕድርን የሚያህል ነገር የለንም፤ ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገሩ እስከ ማድረስ ይደርሳል። ነገር ግን የአእምሮ ሕመም፣ የባልና የሚስት ጠብ፣ የልጅ ሱስ ሲመጣ፣ ሰዉ ከዕድርተኛው ፊት ይሸሻል፤ የነገረው ነገር እሑድ በዚህ አዳራሽ ከቡናው ጋር እንዳይቀርብ ይፈራልና። ይህን ፍርሃት የሚያስወግድለት፣ እንደ ንስሐ አባት ምሥጢር የሚጠብቅ ባለሙያ ነው፤ ምንም እንኳ የአንቺ ምሥጢር ጠባቂነት እንደ ካህኑ ፍጹም ባይሆንና፣ ሕፃን ሲበደል ወይም ሰው ሕይወት ሊያጠፋ ሲል የመናገር ግዴታ ቢኖርብሽም። ይህንንም ገና ከመጀመሪያው፣ ሰውዬው አፉን ሳይከፍት፣ ልትነግሪው ይገባል።

ደግሞ ልጆቹን ተመልከቺ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለእናቱ ከሐኪም ፊት ሲያስተረጉም አይቻለሁ፤ ሐኪሙ የተናገረውን ሰማ፣ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት አየ፣ ከዚያም «ደህና ነሽ አለ» አላት። በዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ካቀፋቸው ቋንቋዎች አንዱ ያደረገው፣ እንዲህ ያለው ሸክም ከልጅ ትከሻ እንዲወርድ ነው። ሕጉ ግን በእግሩ አይሄድም፤ በመስኮቱ ኋላ አማርኛ የሚያውቅ፣ ሙያውንም የተማረ ሰው መቀመጥ አለበት።

ጠያቂ፦ እንግዲያስ ስለ ሴትዮዋ የጻፍኩትን ላስተካክለው። «እናቲቱ ከቀጠሮዋ 40 ደቂቃ ዘግይታ መጣች። የኪራይ ውሉን አላመጣችም፤ ውሉን አምጪ የሚለው ደብዳቤ የመጣላት በእንግሊዝኛ ነው።»

ሽማግሌ፦ ይህ ይሻላል። በስንት አውቶቡስ መጣች?

ጠያቂ፦ አልጠየቅኋትም።

ሽማግሌ፦ ማክሰኞ ስትመጣ ጠይቂያት።