«ዘመድ ጋ ነው ያለው» ሲባል ሕጉ የሚጠይቀው

ጥያቄው ከመስቀል በኋላ ይበዛል። ከወልቂጤም ከቡታጅራም፣ በዙሪያቸው ካሉ ቀበሌዎችም የሚመጡ እናቶችና አያቶች የሚያነሡት ነገር ይመሳሰላል። የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ለበዓል ከአዲስ አበባ ከመጣ አጎቱ ጋር ሄዷል። «ቀን ሱቅ ያግዘኛል፣ ማታ ይማራል» ተብሏል። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ስሙ በየጠዋቱ ተጠርቶ «የለም» ይባላል። ይህ ወንጀል ነው ወይ? ልጁን ማስመለስስ ይቻላል?

ሕጉን ከመዘርዘሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ከሊስትሮ ሣጥን ተነሥቶ የመርካቶ ነጋዴ የሆነ ሰው ታሪክ ያልሰማ የጉራጌ ልጅ የለም። ታሪኩም እውነት ነው፤ የብዙውን ቀበሌ መንገድና ትምህርት ቤት ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት አዲስ አበባ ገብተው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ችግሩ፣ ያልቀናው ሰው ለመስቀል ወይም ለዓረፋ አገር ቤት መጥቶ የራሱን ታሪክ አለማውራቱ ነው። ቤተሰብ የሚወስነው የተሳካላቸውን ብቻ ሰምቶ ነው።

ወደ ሕጉ ልመለስ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የአጠቃላይ ትምህርት አዋጅ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ግዴታ አድርጎታል። ስለዚህ «ይማር፣ አይማር» የሚለው ጉዳይ ለወላጅ ምርጫ የተተወ አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በበኩሉ በአንቀጽ 28 ልጆች መመዝገባቸው ብቻ እንደማይበቃ፣ ሳያቋርጡ እንዲማሩና ትምህርት የሚያቋርጡት ቁጥር እንዲቀንስ መንግሥት እርምጃ መውሰድ እንዳለበት ይናገራል። መስከረም ላይ ተመዝግቦ በቆጮ ሥራና በገበያ ቀን፣ ወይም ጫት ለማሰር ሲባል ከክፍል የሚቀር ልጅም እዚህ ውስጥ ይገባል።

አጎትየው ልጁን ደመወዝ እየከፈለ ወይም እከፍላለሁ ብሎ ሱቅ ካሠራው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከተዋል። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛም ቢሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሥራት የለበትም። ይህ አዋጅ ግን ሁሉንም ልጅ አይደርስበትም። የራሱን ሣጥን ይዞ ጫማ የሚጠርገው ልጅ አሠሪ የለውም። ዘመድ ቤት ልጅ እያዘለችና ውኃ እየቀዳች የምታድር ልጅም «የቤት ልጅ ናት» ስለምትባል በዚህ አዋጅ መከራከር ያስቸግራል።

ያን ጊዜ የምንሄደው ወደ ወንጀል ሕጉ ነው። አንቀጽ 576 ልጅን በኃላፊነት የያዘ ሰው ቢያንገላታው፣ ችላ ቢለው፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው ወይም ቢደበድበው እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል ይላል። ድርጊቱ የልጁን ጤና፣ ደኅንነት፣ ትምህርት ወይም ዕድገት ክፉኛ ከጎዳ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማያንስ እስራት ይሆናል፤ የቤተሰብ መብትንም ያሳጣል። እዚህ ላይ አጎት፣ አክስት ወይም ክርስትና አባት መሆን ማምለጫ አይሆንም፤ ሕጉ የሚያየው ልጁ በማን እጅ እንዳለ ነው።

ወላጅስ? አብዛኛው ሰው የማያውቀው አንቀጽ 659 ይሄ ነው። ለራሱ ጥቅም ሲል ወይም ግዴታውን ከባድ በሆነ ሁኔታ ጥሶ፣ ልጁን ለአካሉ ወይም ለሥነ ምግባሩ አደጋ እንዳለበት ለሚያውቀው፣ ወይም ሊገምት ይችል ለነበረ ሰው ለረዥም ጊዜ የሰጠ ወላጅ ይቀጣል። ድህነት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ልጇ የተሻለ እንዲያገኝ ብላ የሸኘች እናት በዚህ አንቀጽ ትከሰሳለች የሚል እምነት የለኝም። የት እንደሚያድር፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ ሳይጠይቅ፣ ይባስ ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ ልጁን ለደላላ ያስረከበ ወላጅ ግን «አላወቅኩም» ማለቱ አያድነውም። ደላላውን ደግሞ ስለ ሰው መነገድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይጠብቀዋል። ልጁ «ፈልጌ ነው የሄድኩት» ቢል፣ ወላጁም ፈቅጄአለሁ ቢል፣ ለብዝበዛ የተወሰደ ሕፃን ፈቃድ መከላከያ አይሆንም።

ልጁን የማስመለስ ክርክር ላይ «አባቱ ፈቅዷል» የሚለው መልስ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። መደንገጥ የለብዎትም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ከቀድሞው ደቡብ ክልል በመጣ ጉዳይ ላይ አንድ አባት ልጁን ካሳደገቻት አክስት ልውሰድ ብሎ ያቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለም። ችሎቱ የተመለከተው የአባቱን መብት ሳይሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ያስቀደመውን የልጁን ጥቅም ነው። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ይገዛል፤ የወልቂጤና የቡታጅራ ፍርድ ቤቶችም ከዚህ አይወጡም።

አንዳንዴ ደግሞ ልጁ የሚሸሸው ከትምህርት ቤቱ ነው። አርፍዶ በመምጣቱ ተገርፎ በማግስቱ የሚቀር ልጅ ጥቂት አይደለም። አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን በግልጽ ይደነግጋል። አቤቱታዎን ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመኅ) በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ካልሰሙዎት ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይሂዱ። ጉዳት ከደረሰ ለፖሊስ መንገሩን አያቆዩ።

ሴት ልጅ ድንገት ከክፍል ስትጠፋ መጀመሪያ የሚጣራው ጋብቻ ነው። ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። 13 ዓመት የሞላትን ልጅ ያገባ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በታች የሆነችውን ያገባ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የጆካም ሆነ የጎርደና የባህል ሸንጎ ሽማግሌዎች የተጣሉ ቤተሰቦችን ቢያስታርቁ እሰየው፤ የወንጀል ክሱን ግን በካሣ ሊዘጉት አይችሉም።

ማመልከት የሚችለው ወላጅ ብቻ አይደለም። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 11 ማንም ሰው የወንጀል ጥቆማ ማቅረብ ይችላል፤ አያትም፣ ጎረቤትም፣ የክፍሉ ኃላፊ መምህርም። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ግን ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ብዙ ጉዳይ የሚወድቀው ሕግ ጎድሎ ሳይሆን ወረቀት ጎድሎ ነው። ከትምህርት ቤቱ የተማሪው መገኘት የተመዘገበበትን ቅጂ በማኅተም ይውሰዱ፤ ልጁ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደቀረ የሚናገር ከዚያ የተሻለ ምስክር አላየሁም። ማን እንደወሰደው፣ ስልክ ቁጥሩንና አዲስ አበባ የሚኖርበትን ሰፈር ጽፈው ይያዙ።

ሌላው ዕድሜ ነው። 15 ሞልቶታል አልሞላውም፣ 18 ሞልቷታል አልሞላትም የሚለው ክርክር የሚቋጨው በልደት ምስክር ወረቀት ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ያለፈበት ልጅም በዘገየ ምዝገባ ቀበሌ ሄዶ ይመዘገባል። ለዚህ መስቀልን አይጠብቁ፤ አጎትየው ከመምጣቱ በፊት ወረቀቱ ቤት ውስጥ ይኑር።