ቻይልድማይንደር ስንት ታስከፍላለች? ክፍያውስ ምንን ያካትታል?

በእንግሊዝ ቻይልድማይንደር የምትባለው በራሷ መኖሪያ ቤት የሌሎችን ልጆች በክፍያ የምትጠብቅ ባለሙያ ናት። ሞግዚት ቤት ድረስ መጥታ ስትሠራ ቀጣሪዋ ቤተሰቡ ነው፤ ቻይልድማይንደር ግን የግል ሥራዋን የምትሠራ በመሆኗ ግብሯን ራሷ ትከፍላለች፣ ወላጆችም ደንበኞቿ ናቸው። ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በቀን ከ2 ሰዓት በላይ በክፍያ በቤቱ የሚጠብቅ ሰው ኦፍስቴድ በተባለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ አካል ወይም በቻይልድማይንደር ኤጀንሲ መመዝገብ አለበት። አያት፣ አክስት ወይም አጎት ይህ ግዴታ የለባቸውም። የጎረቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅነት ግን ከግዴታው ነፃ አያወጣም። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንግሊዝን ብቻ ነው።

ዋጋው እንዴት ይወሰናል?

መንግሥት የተመነው ዋጋ የለም። እያንዳንዷ ቻይልድማይንደር በሰዓት፣ በቀን ወይም በሳምንት የራሷን ሂሳብ ታወጣለች። ለንደን ከሌሎች አካባቢዎች ይወደዳል። ማለዳ፣ ምሽትና ቅዳሜና እሑድ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ያስከፍላሉ፤ ለወንድምና እህት ቅናሽ የሚያደርጉም አሉ።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት የልጆቹን ቁጥር ማየት ይበቃል። አንዲት ቻይልድማይንደር በአንድ ጊዜ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ቢበዛ 6 ልጆችን ልትይዝ ትችላለች። ከእነዚህም ከ5 ዓመት በታች ያሉት በመደበኛነት ከ3፣ ዓመት ያልሞላቸው ደግሞ ከ1 አይበልጡም። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲቀር በዚያ ቦታ ሌላ መተካት አይቻላትም፤ ኢንሹራንሱ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናው፣ ማሞቂያውና መጫወቻው ግን ወጪያቸው አይቀንስም። ልጁ ባልመጣበት ቀንም የሚከፈለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ምን ይካተታል፣ ምን አይካተትም?

ጥበቃው፣ ጨዋታውና ለዕድሜው የሚመጥን ትምህርት በመሠረታዊው ክፍያ ውስጥ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደየሰዉ ይለያያል። አንዷ ቁርስ፣ ምሳና መክሰስ ጨምራ ትሰጣለች፤ ሌላዋ ምግቡን ለብቻ ታስከፍላለች ወይም ከቤት ተቋጥሮ እንዲመጣ ትጠይቃለች። ሐላል ሥጋ ወይም የጾም ምግብ የሚፈልግ ቤተሰብ ምግቡን ከቤት የሚልክ ከሆነ፣ ዋጋው ይቀነስለት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ዳይፐር፣ የዱቄት ወተትና ቅያሪ ልብስ በአብዛኛው ከወላጅ ይጠበቃሉ። የመዝናኛ ቦታ መግቢያና ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ ደግሞ አንዳንዴ በተጨማሪ ክፍያ ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ልጅ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 9 ሰዓት ይጠበቃል፤ በድምሩ 27 ሰዓት ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ቻይልድማይንደር ሁሉንም ጨምራ በሰዓት 7 ፓውንድ ስትጠይቅ ሳምንቱ 189 ፓውንድ ይሆናል። ሁለተኛዋ በሰዓት 6 ፓውንድ ብቻ ብላ ሂሳቡን 162 ታደርገዋለች፤ ነገር ግን ምግብ በቀን 6፣ መዝናኛ በሳምንት 5 ፓውንድ አለው፣ የ6 ፓውንድ ዳይፐር ደግሞ ከወላጅ ነው። ሲደመር 191 ፓውንድ ይመጣል፤ ርካሽ የመሰለችው በለጠች። ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ሁለቱም በዓመት 4 ሳምንት ዕረፍት ቢወጡና የመጀመሪያዋ ለዕረፍቷ ግማሽ ክፍያ ብትወስድ፣ ሁለተኛዋ ምንም ባታስከፍል፣ የዓመቱ ድምር 9,450 እና 9,168 ፓውንድ ይሆናል። የሰዓት ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ መወዳደር ያለበት የዓመቱ ድምር ነው።

መንግሥት የሚሸፍነው

ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩ ወላጆች ልጃቸው 9 ወር ከሞላው በኋላ ካለው የትምህርት ወቅት አንስቶ በሳምንት 30 ሰዓት በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል። ለዚህም እያንዳንዱ ወላጅ ቢያንስ በአነስተኛው የደመወዝ ወለል የ16 ሰዓት ሳምንታዊ ገቢ ሊኖረው ይገባል፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ በዓመት ከ100,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ከሆነ አይፈቀድም። የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ደግሞ ወላጆቻቸው ቢሠሩም ባይሠሩም 15 ሰዓት አላቸው።

ሰዓቱ የሚሰጠው ለ38 ሳምንት ነው። ቻይልድማይንደሯ ከተስማማች ዓመቱን ሙሉ ማዳረስ ይቻላል፤ ያን ጊዜ 30ው ሰዓት በሳምንት ወደ 22 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ገንዘቡ ምግብን፣ ዳይፐርንና መዝናኛን አይሸፍንም፤ ቻይልድማይንደሯ ለእነዚህ ማስከፈል ትችላለች፣ ነፃውን ቦታ ለማግኘት ግን ቅድመ ሁኔታ ልታደርጋቸው አይፈቀድላትም። ለራሷ ዘመድ ልጅም ይህን ገንዘብ መቀበል አትችልም። ስለዚህ አክስት ቻይልድማይንደር ብትሆን እንኳ ለእህቷ ልጅ አይሠራም።

ታክስ ፍሪ ቻይልድኬር በሚባለው ሂሳብ ደግሞ ወላጅ 8 ፓውንድ ባስገባ ቁጥር መንግሥት 2 ፓውንድ ይጨምራል፤ ጭማሪው በአንድ ልጅ በ3 ወር እስከ 500 ፓውንድ ይደርሳል። የወሩ ሂሳብ 800 ፓውንድ ቢሆን ከወላጅ ኪስ የሚወጣው 640 ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚያገኙ ሠራተኛ ወላጆች በዚህ ፋንታ እስከ 85 በመቶ የሚሆነው ወጪ፣ በተወሰነው ጣሪያ ልክ፣ ሊመለስላቸው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ላይ መጠቀም አይቻልም፤ ሁለቱም የሚሠሩት ደግሞ ቻይልድማይንደሯ የተመዘገበች ከሆነች ብቻ ነው።

ውሉ ውስጥ መኖር ያለበት

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ዋጋውና የሚያካትተው ነገር፣ የመክፈያው ቀን፣ የመያዣው መጠንና የሚመለስበት ሁኔታ በግልጽ ይስፈሩ። ልጁ ሲታመም፣ ቤተሰቡ ለእረፍት ኢትዮጵያ ሲሄድ፣ ቻይልድማይንደሯ ስትታመም እንዲሁም በሕዝብ በዓላት ቀን ምን እንደሚከፈል ለየብቻ ይጻፍ። ዘግይቶ ልጅ መውሰድ የሚያስከትለው ክፍያ፣ ዋጋ የሚከለስበት ጊዜና ውል ለማቋረጥ የሚሰጠው ማስታወቂያ፣ ብዙውን ጊዜ 4 ሳምንት፣ እንዲሁ ይካተቱ። ሁለቱም ወገኖች ፈርመው አንድ አንድ ቅጂ ይያዙ።