ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሕክምና ጥራት ሲገመገም

የሞት ቁጥር ብቻውን

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሁሉ ያለጊዜው ተወለደ ይባላል። በ36ኛውና በ28ኛው ሳምንት የተወለዱ ግን ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሆስፒታሎችን በጥቅል የሞት ቁጥር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ከየጤና ጣቢያው የተላኩ፣ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞሉ ሕፃናትን የሚቀበል ክፍል ሁልጊዜ ጥፋተኛ ይመስላልና። መጀመሪያ በክብደትና በእርግዝና ሳምንት ለዩ፤ እዚያው የተወለደውንና ተልኮ የመጣውንም ለየብቻ ቁጠሩ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያረፉት ከመዝገቡ እንዳይጎድሉ አደራ።

ምን ይገድላቸዋል?

በ2019 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመ ጥናት በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጽኑ ሕክምና የገቡ 3,852 ሕፃናትን ተከታትሏል። በ28 ቀን ውስጥ 1,109ኙ ሞተዋል። ዋናው ምክንያት ሳንባቸው ሳይጎለምስ በመወለዳቸው የሚመጣ የትንፋሽ ችግር ሲሆን 45 በመቶውን ይይዛል፤ ኢንፌክሽን 30፣ መታፈን 14 በመቶ ይከተላሉ። የግምገማው ጥያቄዎች ከዚህ ይወጣሉ።

ከማዋለጃ ክፍል ጀምሩ

እኔ ካርድ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ሕፃኑ ሲገባ የተለካውን ሙቀት ነው። ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። የበረደው ሕፃን ያለችውን ጥቂት ስኳርና ኦክስጅን ሙቀት ለማግኘት ይጨርሳል፤ ትንፋሹም ይብስበታል። ቁጥሩ 35 ከሆነ ጥያቄው ወደ ማዋለጃው ይመለሳል፦ ክፍሉ ሞቋል? ሕፃኑ ወዲያው ደርቆ ተሸፍኗል? ሲጓጓዝስ በምን ተይዞ መጣ? የሙቀቱ ቦታ ባዶ ከሆነም ራሱን የቻለ ግኝት ነውና መዝግቡት።

ቀጥሎ የእናቲቱን ካርድ አስመጡ። ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ምጥ ሲመጣ፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ የጽንሱን ሳንባ የሚያጎለምስ የስቴሮይድ መርፌ ይሰጣል። ተሰጥቷል? በስንት ሰዓት?

ኦክስጅን ሲበዛ

በ1940ዎቹና 50ዎቹ እ.ኤ.አ. በሀብታም አገሮች ያለመጠን ኦክስጅን የተሰጣቸው ብዙ ሕፃናት ዓይናቸው ጠፍቷል። ዛሬ ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ሕፃን የደም ኦክስጅን መጠን በአብዛኛው ከ90 እስከ 95 በመቶ እንዲሆን ይደረጋል። መለኪያው ቀኑን ሙሉ 99 እያሳየ ማንም ኦክስጅኑን ካልቀነሰ ጉድለት ነው። ሲፓፕ (በአፍንጫ በኩል ግፊት ያለው አየር እየሰጠ ሳንባው እንዳይከደን የሚረዳ መሣሪያ) የተጀመረበትንም ሰዓት ተመልከቱ፤ ሕፃኑ ከደከመ በኋላ መጀመርና ማቃሰት እንደጀመረ መጀመር አንድ አይደለም።

ካርድ የማይነግራችሁ

ክፍሉ ውስጥ ቁሙና እዩ። አንድ ነርስ ስንት ሕፃን ይዛለች? በአንድ ማሞቂያ ላይ ሁለት ሕፃናት ተኝተዋል? ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ እጇን የምታጸዳበት ነገር አጠገቧ አለ?

የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስጠግቶ መያዝ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በቦጎታ ተጀመረ። በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው በጋና፣ ህንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ የተካሄደ ጥናት፣ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ሲጀመር ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ካርዱ ላይ «ካንጋሮ» ተብሎ መጻፉ ግን አይበቃም፤ በቀን ስንት ሰዓት? እናትየው አልጋና ምግብ አላት ወይስ ኮሪደር ላይ ቆማ ትጠብቃለች? ይህን እሷን ራሷን ጠይቁ።

ስብሰባው

በግምገማው ስብሰባ ላይ የሕፃን ሞት ሲነሳ «ማን ገደለው?» ከተባለ በሚቀጥለው ወር ካርዱ ሁሉ እንከን የለሽ ሆኖ ይቀርብላችኋል። «ምን ጎደለ?» በሉ። ከጎደሉት አንዱን ምረጡ፤ ለምሳሌ በርዷቸው የሚገቡ ሕፃናትን መቀነስ። ኃላፊነቱን ለአንድ ሰው ስጡ፣ ቀን ቁረጡ፣ በቀኑም ያንኑ ቁጥር እንደገና ለኩ።