ትንሿን ፍጥረት አቅርቦ ማየት፦ ከሐይቅ ዳርቻ የምናገኘው ትምህርት

 

ከቅዱስ ቁርኣን ምዕራፎች መካከል አን-ነሕል በንብ፣ አን-ነምል በጉንዳን፣ አል-ዐንከቡት ደግሞ በሸረሪት ስም መሰየማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን እነዚህን ስሞች ከልጅነታችን ጀምሮ እየቀራን ካደግነው መካከል ጉንዳኗን ጎንበስ ብሎ፣ ሸረሪቷን ቀረብ ብሎ ያያት ስንቱ ነው? ዛሬ የምጽፈው ደቃቅ ፍጥረታትን አቅርቦ ፎቶግራፍ ስለማንሳት ነው። ነገሩ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሊመስል ይችላል። በወሎ በሐይቅ ዳርቻ ግን የጣት ጥፍር የምታህል ቀንድ አውጣን መልክ ለይቶ ማወቅ የልጆችን ጤና የሚመለከት ጉዳይ ነው።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተሁለደሬ ወረዳ የምትገኝ ስትሆን፣ ስሟን የወሰደችው ከአጠገቧ ካለው ሐይቅ ነው። ካሜራ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ውሃውን፣ ታንኳውን፣ የእስጢፋኖስን ገዳምና የአምባሰልን ተራሮች ነው። እኔም እነዚህን አንስቻለሁ። ይሁን እንጂ ካሜራውን ወደ እግሬ ሥር ባዞርኩ ጊዜ ከተራራው ያላነሰ ነገር ነው ያገኘሁት። የውሃ ተርብ ክንፍ እንደ ወንፊት በሚመስሉ ስሮች ተወጥሮ ይታያል። ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ላይ ደግሞ እንስሳዋ ስታድግ የጨመረችው መስመር በየተራ ይቆጠራል።

አቅርቦ ማንሳት ሲባል ምን ማለት ነው? በሙያው ቋንቋ ማክሮ የሚባለው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍጥረት በፊልሙ ወይም በዲጂታል ካሜራው የብርሃን መቀበያ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሲያርፍ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ሌንስ ውድ ነው። ነገር ግን በካሜራውና በሌንሱ መካከል ባዶ የማራዘሚያ ቀለበት ማስገባት ወይም ተራውን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገልብጦ በማያያዣ መግጠም ይቻላል። ስልክ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ማጉያም ለጀማሪ ትበቃለች።

ዋናው ችግር ሌንሱ በቀረበ ቁጥር ጠርቶ የሚታየው ክፍል እየጠበበ መሄዱ ነው። የንቧ ዓይን ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል። መፍትሔው የሌንሱን ቀዳዳ ወደ 11 ወይም 16 ማጥበብ ነው። የቀዳዳ ስፋትና የምስል ጥራት ዝምድና አዲስ ግኝት አይደለም። የባስራው ተወላጅ ኢብኑ አል-ሀይሠም ከሺህ ዓመት በፊት የፀሐይን ግርዶሽ በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ ሲመረምር፣ ቀዳዳው ሲሰፋ የምስሉ ቅርጽ እንደሚጠፋ አስረድቷል። ቀዳዳው ሲጠብ ግን ብርሃኑም ያንሳል፤ ስለዚህ ካሜራውን አጥብቆ ማቆም ያስፈልጋል።

ለጀማሪ የሚጠቅሙ ነጥቦች እነሆ፦

አንደኛ፣ በማለዳ መውጣት ነው። ነፍሳት ሰውነታቸው በፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ አይፈጥኑም፤ ሳይበሩ ይጠብቃሉ።

ሁለተኛ፣ ሌንሱን በዓይናቸው ላይ ማነጣጠር ነው። ዓይኑ ከጠራ ሌላው ቢደበዝዝም ምስሉ ሕይወት ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ ፍላሽ የሚጠቀም ሰው ፊቱን በነጭ ወረቀት ይሸፍነው፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል።

አራተኛ፣ የቀንድ አውጣን ቅርፊት ሲያነሱ ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስ አድርጎ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጦ ማንሳት፣ ቀኑንና ቦታውንም መጻፍ ነው።

አራተኛው ነጥብ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም የቅርፊቱ አፍ ያለበት አቅጣጫ ትልቅ ምስክር ስለሆነ ነው። አፉ በስተቀኝ ከሆነ ሊምኒያ ከሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል፤ ይህ የከብትና የበግ የጉበት ትል አስተላላፊ ነው። አፉ በስተግራ ከሆነ ቡሊነስ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ዝቅተኛ ስፍራዎች ለሚታየው የሽንት ፊኛ ቢልሃርዚያ ምክንያት ነው። ሹል ጫፍ የሌለው፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ የሆነው ደግሞ ባዮምፋላሪያ ሊሆን ይችላል፤ የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። ቁርጡን የሚናገረው ባለሙያ ነው፤ ጥሩ ፎቶግራፍ ግን ባለሙያው የቱን መመርመር እንዳለበት ይጠቁመዋል።

እዚህ ላይ ነው የሐይቅ ጉዳይ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የሐይቅ ከተማን የአንጀት ቢልሃርዚያ አዲስ መገኛ አድርጎ አመልክቷል። የበሽታው መንገድ ይህ ነው። የታመመ ሰው በውሃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች እጮች እየወጡ በውሃው ውስጥ ይዋኛሉ፤ የሚዋኝ ልጅ፣ የምታጥብ እናት ሲያገኙም በቆዳ ሰርገው ይገባሉ። ሕክምና ሳያገኝ የቆየ ሰው ጉበቱ ይጎዳል፣ ሆዱ ሊነፋ ይችላል። ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ቢኖርም፣ የዳነው ልጅ ወደዚያው ውሃ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል።

ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ውሃ ውስጥ አይግባ፤ ሕያው ቀንድ አውጣ በእጁ አይንካ፤ ከዳርቻው ርቆ የደረቀ ቅርፊት ይበቃዋል። እጮቹ በዓይን ስለማይለዩ፣ የተበከለችውን ቀንድ አውጣ ከጤናማዋ ፎቶ አይለያትም። በሐይቅ ዳር ውዱእ ለሚያደርጉ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለኝ። ውሃው ተቀድቶ፣ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ሁለት ቀን ካደረ እጮቹ ይሞታሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትንና በውሃ መቅጃ ስፍራ መጸዳዳትን መከልከላቸውንም እናስታውስ። ይህን መመሪያ መጠበቅ ብቻውን ከበሽታው ሰንሰለት አንዱን ቀለበት ይበጥሳል።

ዝቅ ብሎ ማየት ምን ያህል እንደሚያተርፍ የራሳችን ሰው አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በዚያ ወንዝ ስንቱ አልፏል! እርሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ። ከዚያ የተነሳው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ለእርሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስማቸው ይጠራል። እንዶድ ለዓሣም መርዝ ነውና ማንም ተነስቶ ሐይቁ ውስጥ ይጨምር ማለቴ አይደለም። የምወስደው ትምህርት የሰውየውን አስተያየት ነው።

በየከተማው ስልክና ካሜራ የያዛችሁ ወጣቶች፤ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ወሎ ስትወርዱ የተራራውን ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ ጎንበስ በሉ። የጠፍጣፋዋን ቅርፊት ምስል አሳድጋችሁ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ግድግዳ ብትሰጡ፣ ልጆቹ ከውሃው ዳር ሲያዩዋት ያውቋታል። ያወቁትን ደግሞ ይሸሻሉ።

ወላሁ አዕለም።